ፓስፖርትሽ አንድ ነው

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 31 ነው፤ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የአፈር ሳይንስ አስተምራለሁ። ዘንድሮ እግዚአብሔር ሁለት በር በአንድ ጊዜ ከፈተልኝ። ጀርመን አገር የዶክትሬት ትምህርት ከነስኮላርሺፑ አግኝቻለሁ፤ የምጀምረው መስከረም 21 ነው። በሌላ በኩል ከሐምሌ 14 እስከ 17 ቪየና ውስጥ በሚካሄድ ጉባኤ ላይ ጥናቴን እንዳቀርብ ተጋብዣለሁ። የአውሮፕላን ቲኬቱንና ሆቴሉን ጋባዦቹ ይችላሉ። የጀርመኑ ፕሮፌሰሬም ወደዚያ ስለሚመጡ «ቪየና እንገናኝ» ብለውኛል። እስከ ዛሬ ከአገር ወጥቼ አላውቅም።

እዚህ ደግሞ ሦስት ክፍል አስተምራለሁ። የማማክራቸው አምስት የማስተርስ ተማሪዎች ሰኔ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ያቀርባሉ። አንድ መጽሔት የላክሁለትን ጽሑፍ በ30 ቀን አሻሽለሽ መልሺ ብሎኛል። የጉባኤው ሙሉ ጽሑፍ እስከ ግንቦት 23 መግባት አለበት። የምተኛው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ለሁለቱም ጉዞ ቪዛ ገና አልጠየቅሁም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ከቪየና ቀጥታ ጀርመን ገብተሽ መስከረምን ጠብቂ፤ በአንድ ቪዛ ሁለቱንም ትጨርሻለሽ» ይለኛል። ጊዜዬን እንዴት ብከፋፍለው ነው ሁሉንም የማደርሰው? እናቴ ከአሁኑ ቅቤ ማንጠር ጀምራለች።

የሁለት ቤት እንግዳ

---

ውድ እህቴ የሁለት ቤት እንግዳ፣

እንኳን ደስ ያለሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ሥራ፣ ስለ ቀን ገደብና ስለ እንቅልፍ ማጣት ብዙ አለበት፤ ደስ አለኝ የሚል ቃል ግን አጣሁበት። ዶክትሬት ከነስኮላርሺፑ ያገኘ ሰው ቢያንስ አንድ እሑድ ቡና አስፈልቶ ሊኮራበት ይገባል። ያን እሑድ ውሰጂ። ሰኞ ወደ ሥራው እንመለሳለን።

በአካባቢሽ ያሉ ሰዎች «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ሳይሉሽ አልቀሩም። ተረቱ ለአንቺ አልተተረተም ባይ ነኝ። ሦስት ክፍል እያስተማረች፣ አምስት ተማሪ እያማከረች ከሁለት አገር ግብዣ ያመጣች ሰው ዛፍ መውጣት እንደምትችል አስመስክራለች። የጠየቅሽኝ ስለ ጊዜ አከፋፈል ነው። ጊዜ ግን ይለጠጣል፤ ሌሊት ትሠሪያለሽ፣ እሑድ ትሠሪያለሽ፣ አንዱን ለሌላው ታበድሪያለሽ። አልለጠጥም ያለሽ ፓስፖርትሽ ነው። ፓስፖርትሽ አንድ ነው፤ በአንድ ሌሊት ሁለት ኤምባሲ ማደር አይችልም።

እስቲ ወረቀትና እርሳስ ያዢና አብረን እንቁጠር። የቪየናው ጉባኤ የሚከፈተው ሐምሌ 14 ነው። ለዚህ የሚያስፈልግሽ የአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ ነው፤ ሸንገን የሚባሉት በአንድ የጋራ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገራት ናቸው። ይህን ቪዛ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ መጠየቅ ይቻላል፤ ለአብዛኛው ዓለም መደበኛው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ነው። ለእኛ ግን ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛውን ጊዜ 45 ቀን አድርጎታል፤ በአንድ ቪዛ ደጋግሞ መግባትንም ከልክሏል። ስለዚህ በ45 ቁጠሪ። ከሐምሌ 14 ወደ ኋላ 45 ቀን ስትሄጂ ግንቦት 29 ላይ ትደርሻለሽ። በዚያ ቀን ሙሉ ሰነድሽ ገብቶ፣ አሻራሽ ተወስዶ፣ ፓስፖርትሽ ተረክቦ መሆን አለበት። ቀጠሮ የምትጠብቂበት፣ ከዩኒቨርሲቲሽ የድጋፍ ደብዳቤ የምታስጽፊበት፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ የምትገዢበት፣ ከምትኖሪበት ከተማ አዲስ አበባ የምትመላለሺበት ጊዜ ሁሉ ከዚያ በፊት ነው።

አሁን ጀርመንን ቁጠሪ። ለዶክትሬት የምትሄጂበት ቪዛ ሸንገን አይደለም፤ የጀርመን የራሱ የረጅም ጊዜ ቪዛ ነው፤ ማመልከቻውም ሰነዱም ሌላ ነው። ውሳኔው ከጥቂት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል፤ እንደ ጉዳዩም በምትማሪበት ከተማ ያለው የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት ሊጠየቅበት ይችላል። ከመስከረም 21 ወደ ኋላ ሦስት ወር ስትቆጥሪ ሰኔ 24 አካባቢ ነሽ። ቀጠሮ መጠበቂያውን ስትጨምሪበት ግንቦት ውስጥ ትገቢያለሽ። ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ወር፣ በአንዲት ደብተር ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ደብተሯ ኦስትሪያዎች ዘንድ ሳለች ጀርመኖች ቢጠሩሽ ባዶ እጅሽን ትሄጃለሽ። የሁለት ቤት እንግዳ ብለሽ ስምሽን ስታወጪ ይህን አስበሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ስሙ ግን ልክ ገብቷል።

ወደ ባልደረባሽ ምክር ልምጣ። በክፋት አልተናገረውም፤ ይህን ምክር ሲሰጥ የሰማሁትም እሱ የመጀመሪያው አይደለም። ሒሳቡ ላይ ላዩን ሲታይ ያታልላል። ሐምሌ 11 ብትገቢ እስከ መስከረም 20 ድረስ 75 ቀን ነው፤ የሸንገን ሕግ ደግሞ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይፈቅዳል። ታዲያ ምን ቸገረ? የቸገረው ይህ ነው። አንደኛ፣ 90 ጣሪያ እንጂ የሚታደል ቁጥር አይደለም። ለአራት ቀን ጉባኤ የጠየቀ ሰው የሚሰጠው ለአራት ቀኑና ለጥቂት ቀን ትርፍ ነው። ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያዊት ሆነሽ በጉብኝት ቪዛ ጀርመን ከገባሽ በኋላ እዚያው ሆነሽ ወደ ተማሪ መኖሪያ ፈቃድ ማዞር አይቻልም፤ ትክክለኛውን ቪዛ ለመጠየቅ አዲስ አበባ መመለስ ይኖርብሻል፤ ያን ጊዜ መስከረም ደርሶ ይሆናል። ሦስተኛ፣ የሸንገን ማመልከቻ ላይ «ጉባኤው ሲያልቅ እመለሳለሁ» ብለሽ ትፈርሚያለሽ። ላለመመለስ አቅደሽ ይህን መፈረም ገና ያልጀመርሽውን የጀርመን ሕይወት በውሸት መክፈት ነው። «በአንድ ቪዛ ሁለቱን» የሚለውን ሐሳብ እዚሁ ቅበሪው። ሸንገን የሚጠየቀው ዋናው መድረሻ በሆነው አገር በኩል ስለሆነ የጀርመን ኤምባሲ የቪየናውን ጉዳይ አብሮ አይጨርስልሽም፤ ሰልፉም ሁለት ነው።

ስለዚህ ፍርዴን ልንገርሽ፤ ደስ እንደማይልሽም አውቃለሁ። ዘንድሮ በአካል ቪየና አትሂጂ።

ከአገር ወጥታ ለማታውቅ ሰው፣ ቲኬትና ሆቴል ተከፍሎላት እያለ፣ ይህን ማለት ቀላል አይደለም። በጉባኤው ላይ ጥርጣሬ የለኝም። የፈራሁት የመዝገቡን ነገር ነው። ሸንገን አገራት የቪዛ ማመልከቻን፣ የተሰጠንም የተከለከለንም፣ በጋራ መዝገብ ያስቀምጣሉ። መረጃው እስከ አምስት ዓመት ይቆያል፤ የ29ኙም አገራት የቪዛ ሠራተኞች ያዩታል። ወጣት፣ ያላገባች፣ የጉዞ ታሪክ የሌላት አመልካች ደግሞ «ለመመለስሽ እርግጠኛ አልሆንም» የምትባልበት ዕድል የታወቀ ነው። አንዱ ክልከላ የጀርመኑን ቪዛ በራሱ አያስቀርም፤ ነገር ግን በማይፈለግበት ሰዓት ተጨማሪ ጥያቄና ተጨማሪ ሳምንት ያመጣል። በአራት ቀን ጉባኤ ምክንያት የአራት ዓመት ትምህርት ላይ ጥላ እንዲያርፍ አልፈልግም። የጀርመኑን ቪዛ አስቀድመሽ በእጅሽ ብታስገቢ ኖሮ ሌላ ነገር እልሽ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው መልካም ነገር አለ። የጀርመን የረጅም ጊዜ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው በሌሎቹ የሸንገን አገራት በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ሌላ ቪዛ ይንቀሳቀሳል። ከጥቅምት በኋላ ቪየና ለአንቺ ኤምባሲ የማይጠየቅባት፣ በባቡር የምትደረስ ከተማ ትሆናለች። ዘንድሮ በ45 ቀን ጥበቃና በሁለት የአዲስ አበባ ጉዞ የምታገኛትን ከተማ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዓርብ ማታ ተሳፍረሽ ትገቢያታለሽ። «ምናልባት የጀርመኑ ቪዛ ቶሎ ደርሶ፣ የሚጸናበት ቀንም ከሐምሌ 14 በፊት ቢጀምርስ?» ልትዪ ትችያለሽ። ቢሆን እሰየው፤ ሂጂ። እቅድሽን ግን በእሱ ላይ አትሥሪ።

ፕሮፌሰሩስ? ዛሬውኑ ጻፊላቸው። ረጅም ይቅርታና ማብራሪያ አያስፈልግም። «ሁለት ቪዛ በአንድ ጊዜ ስለሚያስፈልገኝ በመስከረም መድረሴን ላለማሰናከል የቪየናውን በአካል ላለመገኘት ወሰንሁ፤ በበይነ መረብ እንድናወራ ሐምሌ ላይ አንድ ሰዓት ይሰጡኝ?» በቂ ነው። ቤተ ሙከራቸው ውስጥ ወንበር ያዘጋጁልሽ ሰው ከቪየና ቡና ይልቅ በሰዓቱ መምጣትሽን እንደሚመርጡ አልጠራጠርም። መስከረም ከጠባ በኋላ ከሚገባው በላይ ታያቸዋለሽ፤ አማካሪ ማለት እንዲያ ነው፤ የአንቺን አምስት ተማሪዎች ጠይቂ።

ለጉባኤው አዘጋጆችም በዚሁ ሳምንት ጻፊ፤ ዘግይተሽ ብትጽፊ ቲኬቱን ቆርጠውት ይሆናል። ሦስት ነገር ጠይቂ። ጥናቱን በርቀት ማቅረብ ይቻላል ወይ? ካልተቻለ በጽሑፉ ላይ ስሙ ያለ ባልደረባ ሊያቀርብልኝ ይችላል ወይ? የጉዞ ድጋፉስ ወደሚቀጥለው ጉባኤ ይዛወርልኛል ወይ? ለመጨረሻው «አይሆንም» ሊሉሽ ይችላሉ፤ መጠየቅ ግን አያስከፍልም። በርቀት የምታቀርቢ ከሆነ ንግግርሽን ቀድመሽ ቀርጸሽ ላኪላቸው። ሐምሌ ነው፤ ዝናብ ነው፤ መብራት በሚሄድበት ሰዓት ቪየና ያሉ ሰዎች ባዶ ስክሪን እያዩ ሊጠብቁሽ አይገባም። ከዚያ በቀጥታ ለጥያቄና መልሱ ብቻ ትገቢያለሽ። በበጋ የእነሱ ሰዓት ከእኛ የሚያንሰው በአንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ የእነሱ 10 ሰዓት ጠዋት በእኛ አቆጣጠር ረፋድ 5 ሰዓት ነው።

የሰዓት ነገር ከተነሳ የራሴን ጉድ ላውጋሽ። ከዓመታት በፊት ለመጀመሪያው የውጭ ጉዞዬ የቪዛ ቀጠሮ ደረሰኝ፤ ወረቀቱ ላይ «8፡30» ይላል። እኔ በአገሬ ሰዓት አነበብሁት። ምሳዬን በልቼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ቆምሁ። ቀጠሮዬ ስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አልፏል። ዘበኛው ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት አምስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ጉባኤውም ያለእኔ ተካሄደ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የውጭ ቀጠሮ በሁለቱም ሰዓትና በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ጽፌ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። አንቺም እንዲሁ አድርጊ።

ቪየና ከትከሻሽ ሲወርድ የቀረው ሥራ ይያዛል። አያያዙ ላይ ግን አንድ ልማድ እንድትለውጪ እፈልጋለሁ። እኛ መምህራን ሥራን በክብደቱ ነው የምንደረድረው፤ ከባዱን ጽሑፍ እናስቀድምና ቀላሉን ፊርማ ለነገ እንተወዋለን። ለውጭ ጉዞ ሲዘጋጁ ይህ ልማድ ይገለበጣል። ጽሑፉ በአንቺ እጅ ነው፤ ሌሊት ተነስተሽ ትጨርሺዋለሽ። ፊርማው ግን በዲኑ እጅ ነው፤ ዲኑ ደግሞ ነሐሴ ላይ የለም። በሌላ ሰው እጅ ያለውን ሁሉ በፊት፣ በራስሽ እጅ ያለውን በኋላ።

በሌላ ሰው እጅ ያለው ምንድን ነው? የትምህርት ፈቃድሽ ከትምህርት ክፍሉ ተነስቶ በኮሌጁ አልፎ እስከ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ በየጠረጴዛው ላይ ያድራል። ተመልሶ ለማገልገል የምትፈርሚው ውል አለ፤ ለውሉ ዋስ ያስፈልጋል፤ ዋሱ ደግሞ የደሞዝ ማስረጃ ማምጣት አለበት። ዋስ ሁኝልኝ ማለት ከሸንገን ቪዛ ይከብዳል፤ ሰው «አስቤበት ልንገርሽ» ይልና ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ዛሬውኑ ጠይቂ። ከመፈረምሽ በፊትም ውሉን ተቀምጠሽ አንብቢ፤ ስንት ዓመት እንደምታገለግዪ፣ ባትመለሺ ምን እንደምትከፍዪና ዋስሽ ምን እንደሚደርስበት እወቂ፤ ለዋስሽም አንብቢለት። ከዚያ ክሊራንስ አለ፤ ዕዳም ዕቃም እንደሌለብሽ ከየክፍሉ የሚፈረምልሽ ወረቀት። ቤተ መጻሕፍት፣ ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ መኖሪያ ቤት። ሰኔ ውስጥ ሁሉም ቢሮው ስለሚገኝ ያኔ አስጨርሺው፤ ክረምቱ ሲገባ አንዱ ፈራሚ ለሠርግ፣ ሌላው ለሥልጠና ይሄዳል።

የትምህርት ማስረጃሽንም አሁኑኑ አውጥተሽ እዪው። የመጀመሪያ ዲግሪሽ ኦሪጂናል በእጅሽ ነው? ወይስ በወጪ መጋራት ክፍያ ምክንያት የተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጧል? ብዙ መምህር ይህን የሚያስታውሰው ቪዛ ክፍሉ ሲጠይቀው ነው። ስምሽ በላቲን ፊደል በዲግሪሽ፣ በፓስፖርትሽና በቅበላ ደብዳቤሽ ላይ አንድ ዓይነት መጻፉንም አረጋግጪ። የእኛ ስም በላቲን ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ነው፤ አንዱ ፊደል ይደግማል፣ ሌላው ይውጣል። ከፓስፖርቱ የተለየ ካለ የቅበላ ደብዳቤውን አስተካክለው እንዲልኩልሽ መጠየቅ የአንድ ኢሜይል ሥራ ነው፤ ፓስፖርትን ማስተካከል ግን የአንድ ኢሜይል ሥራ አይደለም። የልደት ቀንሽም ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲመለስ ስንት ሰው እንደተሳሳተበት አትጠይቂኝ።

የጀርመን የረጅም ጊዜ ቪዛ ማመልከቻን በተመለከተ፣ ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በኦንላይን የሚሞላ መግቢያ በር በዓለም ዙሪያ ከፍታለች። ሰነዱን ቤትሽ ሆነሽ ትጭኛለሽ፤ ለአሻራና ለኦሪጂናል ግን በአካል ትቀርቢያለሽ። ስኮላርሺፕ ያለው ሰው በራሱ ገንዘብ የሚሄድ ተማሪ ዝግ አካውንት ውስጥ የሚያስቀምጠው ገንዘብ (እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው) አይጠበቅበትም፤ የስኮላርሺፕ ደብዳቤሽ ላይ ወርኃዊ ክፍያው፣ የሚቆይበት ጊዜና የጤና ኢንሹራንሱ በግልጽ መጻፋቸውን ግን ተመልከቺ። «ሙሉ ድጋፍ» የሚል ቃል ብቻ ካለበት ቁጥር አስገቡልኝ በያቸው።

አሁን ደግሞ ባትጠይቂኝም የሚያሳስበኝ ነገር። የአፈር ሳይንስ መምህር ነሽ፤ ስለዚህ ሻንጣሽ ውስጥ አፈር ለመክተት ማሰብሽ አይቀርም። የዶክትሬት ሥራሽ ከዚህ በሚሄድ ናሙና ላይ የተመሠረተ ከሆነ ጠንቀቅ በዪ። የአውሮፓ ኅብረት የዕፅዋት ጤና ሕግ ከአብዛኛው የውጭ ዓለም አፈር ማስገባትን ይከለክላል፤ አፈር በዓይን የማይታይ ተባይና በሽታ ይዞ ስለሚሄድ ነው። ለምርምር ልዩ ፈቃድ አለ፤ ፈቃዱን የሚያወጣው ግን ናሙናውን የሚቀበለው ቤተ ሙከራ ነው። ስለዚህ ለፕሮፌሰሩ በምትጽፊው ደብዳቤ ይህን ጨምሪበት። የምታጠኚው ረቂቅ ተሕዋስያንን ከሆነ ደግሞ በእኛም በኩል ሕግ አለ፤ የጄኔቲክ ሀብት ከአገር የሚወጣው በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ነው። በላስቲክ ጠቅልሎ በካልሲ ውስጥ የከተተ ሰው ታሪክ ሰምቼ አውቃለሁ። ፍራንክፈርት ላይ አፈሩም ካልሲውም ቀሩ።

በራስሽ እጅ ወዳለው ሥራ ልሂድ፤ እዚህ ላይ አላረዝምም፤ ሥራውን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ለመጽሔቱ አዘጋጅ ሁለት መስመር ጽፈሽ ተጨማሪ 30 ቀን ጠይቂ። አዘጋጆች ማራዘሚያ የሚሰጡት በቀላሉ ነው፤ የሚጠሉት ዝም ብሎ የሚጠፋ ጸሐፊን ነው። የጉባኤውን ሙሉ ጽሑፍ ግን በቀኑ አስገቢ፤ በርቀት ብታቀርቢም ጽሑፉ ያንቺ ነው። የቀን ገደቡ «በየትኛውም የምድር ክፍል» የሚል ቃል ካለበት የመጨረሻው ደቂቃ የሚቆጠረው ከዓለም በመጨረሻ በሚመሽበት የሰዓት ቀጠና ነው፤ የግንቦት 23 እኩለ ሌሊት በእኛ ግንቦት 24 ከቀኑ 8 ሰዓት ከ59 ይሆናል ማለት ነው። ይህን የነገርሁሽ እንድትተኚ እንጂ እስከ 8 ሰዓት ከ58 እንድትሠሪ አይደለም።

አምስቱን ተማሪዎች አትበትኛቸው። ለእነሱ ያላቸው ሰኔ ይኸው አንድ ነው። ነገር ግን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አሁኑኑ ንገሪና ለእያንዳንዳቸው ተባባሪ አማካሪ ይመደብላቸው፤ አንዱ እንኳ በሰኔ ሳያልፍ ቢቀርና ለጥቅምት ቢተላለፍ ያለ አማካሪ እንዳይቀር። ረቂቃቸውን እስከ ግንቦት መጨረሻ እንዲያስገቡም ቀን ቁረጪላቸው። ከሦስቱ ክፍል አንዱ ተመራቂ ከሆነ የመውጫ ፈተና ማጠናከሪያው ከባልደረቦችሽ ጋር የሚካፈል ሥራ ነው። ብዙ ሴት መምህራን በተለይ ይህን ሥራ «እኔው ልሥራው» እያሉ ይወስዱታል፤ ወንዶቹም ዝም ብለው ይሰጧቸዋል። ዘንድሮ «እምቢ» ማለት ተማሪ።

የቪየናው እውነተኛ ጉባኤ እንደሆነ ከደብዳቤሽ ይታያል፤ ፕሮፌሰርሽም ወደዚያ ይመጣሉ። ስምሽ በታተመ ጽሑፍ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ዓይነት ግብዣ ይጎርፍልሻል፤ «የተከበሩ ዶክተር» ብሎ የሚጀምር፣ ዘርፍሽን የማያውቅ፣ የምዝገባ ክፍያ የሚጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ኦሚክስ የተባለውን አሳታሚ ምሁራንን በመጽሔትና በጉባኤ አታልሏል ብሎ 50.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወስኖበታል። የእኛ አገር ተመራማሪ ደግሞ ዩሮ ከሰማይ አያገኝም፤ ባንክ ውጭ ምንዛሪ የሚሰጠው ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት አይቶ ነው፤ አለዚያ ውጭ ያለ ዘመድ «አንቺ ክፈይልኝ» ይባላል። የዘመድ ገንዘብ ለአታላይ እንዳይሄድ እንዲህ ያለውን ኢሜይል ሳትመልሺ ሰርዢ።

የመጨረሻው የእናትሽ ጉዳይ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት መንገደኞች ከእኛ አገር ሥጋና የወተት ውጤት ይዘው እንዲገቡ አይፈቅድም። ንጥር ቅቤ የወተት ውጤት ነው። አይብም፣ ቋንጣም አይገቡም፤ ጉምሩክ ይወስዳቸዋል። ይህን ለእናት መንገር ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። «ቅቤሽን ፈረንጅ ጣለው» ተብሎ ስልክ ላይ ከመስማት ግን አሁን መስማት ይሻላል። ለእሷ የሚቀር ሥራ እንዳይመስላት ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ደረቅ ቅመሙንና ቆሎውን እንድታበዛልሽ ንገሪያት፤ እሱን ማንም አይነካብሽም። ያነጠረችውን ቅቤ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ታስቀምጠው። መስከረም 1 ገና እዚህ ነሽ፤ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ትበዪዋለሽ።